የሸክላ ማጫወቻን የእንጨት ሣጥን ስለ ማደስ

ግራሞፎን ወይም የሸክላ ማጫወቻ የሚባለው መሣሪያ ኹለት ዋና ክፍል አለው። አንደኛው በሞላ ኀይል የሚዞረው የብረት ሞተር ነው፤ ኹለተኛው ሞተሩን የሚሸከመው የእንጨት ሣጥን ነው። ሞተሩ ቢበላሽ ብልኅ ሠራተኛ ፈትቶ ያበጀዋል። ሣጥኑ ግን ባልተማረ እጅ ከተፋቀ የቀድሞ መልኩ ተመልሶ አይገኝም። ስለዚህ አሮጌ ሣጥን ለማደስ የሚነሣ ሰው ከኹሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነገር፥ ማደስ ማለት አሮጌውን ልጦ መጣል አለመኾኑን ነው።

ድምፅን ቀርጾ መልሶ የሚያሰማውን ፎኖግራፍ በ1877 የሠራው አሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሰን ነው። በጠፍጣፋ ክብ ሰሌዳ ላይ የተቀረጸ ድምፅ የሚያሰማውን ግራሞፎን ደግሞ ኤሚል በርሊነር በ1887 አወጣ። (በዚህ ትምህርት የተጻፉት ዓመታት ኹሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 ለዳግማዊ አጤ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የሰላምታ ቃላቸውን በፎኖግራፍ አስቀርጸው ልከዋል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴም በ1908 ገደማ ጀርመን አገር ሳሉ ዜማቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል፤ ድምፃቸው እስከ ዛሬ ይሰማል። እንግዲህ በአንድ ቤት ጥግ አቧራ ለብሶ የተቀመጠ የሸክላ ማጫወቻ ቢገኝ፥ የቀደሙ ሰዎችን ድምፅ የሚያሰማ ዕቃ ነውና እንደ ማገዶ ሊቈጠር አይገባውም።

፩ ሣጥኑና ቅቡ ከምን እንደ ተሠሩ

የአውሮፓና የአሜሪካ ፋብሪካዎች ሣጥኑን የሚሠሩት ከኦክ፥ ከማሆጋኒ ወይም ከዋልነት እንጨት ነበር። ብዙውን ጊዜ ግን ውስጡ ርካሽ እንጨት ኾኖ፥ ላዩ በኮላ በተጣበቀ ስስ የውድ እንጨት ልባጥ የተሸፈነ ነው። ይህ ልባጥ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል። በመላጊያ ወይም በብርጭቆ ስባሪ የሚፍቀው ሰው ሳያስበው ልባጡን ይጨርስና ውስጡን ያወጣዋል።

በልባጡ ላይ የሚያበራው ቅብ በብዙዎቹ አሮጌ ሣጥኖች ላይ ሼላክ ነው። ሼላክ በህንድና በአካባቢዋ ባሉ አገሮች በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ከሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት የሚገኝ ሙጫ መሰል ነገር ነው። በአልኮል ይሟሟል፤ በሙቀት ይለሰልሳል፤ ውሃ ሲቈይበት ነጭ ምልክት ያወጣል። የላስታ ልጅ ይህን ቢሰማ ሊደነቅ አይገባውም። በትውፊት እንደሚነገረው የላሊበላ ስም ራሱ፥ ንጉሡ በተወለደ ጊዜ በከበቡት ንቦች ምክንያት የወጣ ነው። ንብም ትንሽ ነፍሳት ስትኾን ሰሟን ለጧፍ ትሰጣለች፤ ይኸው ሰም፥ ኋላ እንደሚነገረው፥ ለእንጨት መወልወያ ይኾናል።

እዚህ ላይ ተማሪው በብርቱ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በደቂቃ 78 ጊዜ ያህል የሚዞሩት የድሮዎቹ ሸክላዎች ከሣጥኑ ቅብ ጋራ ከአንድ ነገር፥ ይኸውም ከሼላክና ከደቀቀ ድንጋይ ቅልቅል የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ ቅቡን የሚያሟሟው አልኮል ሸክላውንም ያጠፋዋል። ኋላ የመጡት ሸክላዎች፥ ለምሳሌ አምሃ እሸቴ በ1969 ያቋቋመው አምሃ ሪከርድስ ያሳተማቸው፥ ከፕላስቲክ ዐይነት የተሠሩ ናቸው። ስማቸው አንድ ቢኾንም ጠባያቸው ልዩ ልዩ ነው። የቅብ ሥራ ሲጀመር ግን ሸክላ ኹሉ ከክፍሉ ይውጣ።

፪ እንጨትን ምን ይጠብቀዋል

የእንጨት ጠላቶች ፀሐይ፥ ዝናም፥ ነቀዝና ምስጥ ናቸው። ከላሊበላ በስተ ሰሜን ባለው ተራራ፥ በዋሻ ውስጥ የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ግድግዳው እንጨትና ድንጋይ እየተደራረበ የተሠራ ሲኾን፥ እንጨቱ ብዙ መቶ ዓመታት ኖሯል። ከጠበቀው ነገር አንዱ ዋሻው ነው፤ ዝናም አይወርድበትም፥ የቀትር ፀሐይም አያቃጥለው።

ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመኾኗ ፀሐይዋ ብርቱ ናት። ሣጥኑን በመስኮት አጠገብ ማኖር ቅቡን ያነጣዋል፤ በምድጃ አጠገብ ማኖር ልባጡን ያስነሣዋል። የቅብ ሥራም በክረምት አይሠራ፤ እርጥብ አየር ሼላክን ደመና ያስመስለዋልና። መስከረም ካለፈ በኋላ፥ በደረቁ ወራት መሥራት ይሻላል።

፫ ከሥራ በፊት የሚደረግ ፈተና

ሐኪም ሕመሙን ሳያውቅ መድኀኒት እንደማይሰጥ፥ ሠራተኛውም ቅቡን ሳያውቅ አይንካ። በሣጥኑ ጀርባ ወይም ሥር፥ ከዐይን በተሰወረ ቦታ አንድ ጠብታ አልኮል ያኑር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በጥጥ ሲነካው ቢለሰልስና ቢጣበቅ ቅቡ ሼላክ ነው። ምንም ባይለወጥ የዘይት ቨርኒሽ ወይም ሌላ ዐይነት ቅብ ነው፤ እንዲህ ሲኾን ማጽዳትና በሰም መወልወል ይበቃል።

፬ የሥራው ተራ

መጀመሪያ የሞተሩ ሞላ እስኪረግብ ድረስ ዝም ብሎ እንዲዞር ይተዋል። የተጠመዘዘ ሞላ ድንገት ሲፈታ እጅን ይቈርጣልና፥ የሞላውን ቤት ተማሪ ፈጽሞ አይክፈት። ከዚያ በኋላ ብሎኖቹ ይፈታሉ፤ የየትኛው ቦታ እንደ ኾኑ በወረቀት ተጽፎባቸው በትንሽ ቆርቆሮ ይቀመጣሉ፤ ሞተሩም ይወጣል።

ኹለተኛ አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል፤ እድፉና አሮጌው ሰም በተርፔንቲን በራሰ ጨርቅ በቀስታ ይጠረጋል። ውሃ በሣጥኑ ላይ አይፈስስ፤ ውሃ ኮላውን ያለቀዋል። ብዙ ጊዜ አስቀያሚ የመሰለው ሣጥን እድፉ ብቻ ሲወገድ መልኩ ይመለሳል። እንዲህ ከኾነ ሥራው በሰም ይፈጸም፤ ሌላ አይጨመርበት።

ሦስተኛ የተነሣ ልባጥ ካለ፥ በስስ ቢላዋ ከሥሩ ኮላ ይገባለታል፤ በላዩ ሰም የተቀባ ወረቀት ይነጠፋል፤ ከባድ ነገር ተጭኖበት ያድራል።

አራተኛ ቅቡ እንደ ደረቀ ጭቃ ከተሰነጣጠቀና ሼላክ መኾኑ በፈተናው ከታወቀ፥ መፋቅ አያስፈልግም። በለስላሳ ብሩሽ ጥቂት አልኮል በእንጨቱ መሥመር አቅጣጫ አንድ ጊዜ ብቻ ይቀባል። አሮጌው ሼላክ ይለሰልሳል፤ ስንጥቁም እርስ በርሱ ይገጥማል። እስኪደርቅ ድረስ በእጅ አይነካ። በክዳኑ ውስጥ ፋብሪካው ያተመው ስምና ምልክት ግን አልኮል እንዳይደርስበት ይጠበቅ፤ የዕቃውን ትውልድ የሚናገረው እርሱ ነውና።

አምስተኛ ቅቡ የሳሳ ከኾነ አዲስ ሼላክ ይጨመርለታል። 100 ግራም ሼላክ በግማሽ ሊትር አልኮል በጠርሙስ ተከድኖ ያድራል፤ በስስ ጨርቅም ይጠለላል። ከስድስት ወር በላይ የቈየ ቅልቅል በደንብ ስለማይደርቅ አይረባም። ጥጥ በንጹሕ አሮጌ ነጠላ ቍራጭ ይጠቀለልና በቅልቅሉ ይረጥባል፤ በእንጨቱ መሥመር እየተሳበ ስስ ኾኖ ይቀባል። በአንዱና በሚቀጥለው ቅብ መካከል አንድ ሰዓት ያህል ይጠበቃል። አዲሱ ሼላክ አሮጌውን ጥቂት እያሟሟ ከርሱ ጋራ አንድ ይኾናል፤ የዚህ ቅብ ጥቅሙ ይህ ነው። ስስ ኾኖ ሦስት ጊዜ የተቀባ፥ ወፍሮ አንድ ጊዜ ከተቀባው ይበልጣል።

ስድስተኛ ከጥቂት ቀን በኋላ የሰም መወልወያ ይቀባል። አንድ እጅ ንጹሕ የንብ ሰም በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ይቀልጣል፤ ከእሳት ርቆ ከወጣ በኋላ ሦስት እጅ ተርፔንቲን ይጨመርበታል። ሲበርድ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። በጥቂቱ ተቀብቶ፥ ሲደርቅ በንጹሕ ጨርቅ ይወለወላል።

፭ ማስጠንቀቂያ

አልኮልና ተርፔንቲን ትነታቸው እንኳ በእሳት ይያያዛል፤ ስለዚህ ሥራው በር ተከፍቶ፥ መብራትና ምድጃ በሌለበት፥ መምህሩ ቆሞ እያየ ይሠራ። ቅቤና የምግብ ዘይት በሣጥን ላይ አይቀቡ፤ ለጊዜው ቢያበሩም አቧራ ይሰበስባሉ። የዘይት ቀለምም መልኩን ሸፍኖ ያስቀራል እንጂ አያድስም።

የቅኔ መምህር ደቀ መዝሙሩን ወርቁን ከሰሙ ለይቶ እንዲያይ ያስተምረዋል፤ ሰሙን እንዲንቅ ግን አያስተምረውም፤ ወርቁ ያለ ሰሙ አይገኝምና። ሣጥንና ድምፅም እንዲሁ ናቸው። ሣጥኑን ዛሬ ሳይጠነቀቅ የሚልጥ ሰው በአንድ ቀን አዲስ የመሰለ ዕቃ ያገኛል፤ የመቶ ዓመቱን ምልክት ግን ያጠፋል። «የቸኰለች አፍስሳ ለቀመች» እንደ ተባለው፥ በዚህ ሥራ የፈሰሰው አይለቀምም። ጥቂት ነክቶ ብዙ መጠበቅ የዚህ ሙያ ሕግ ነው፤ ይህም ሕግ ለግራሞፎን ሣጥን ብቻ ሳይኾን ለአትሮንስ፥ ለመቋሚያና ከአባቶች ለተወረሰ የእንጨት ዕቃ ኹሉ ይሠራል።

ጥያቄ

1. የሣጥኑን ቅብ ዐይነት በምን እናውቃለን?
2. የቅብ ሥራ ሲጀመር ሸክላዎቹ ከክፍሉ የሚወጡት ስለ ምንድን ነው?
3. ሼላክና ሰም በምን ይመሳሰላሉ?
4. የይምርሐነ ክርስቶስን እንጨት ከዝናምና ከፀሐይ የጠበቀው ምንድን ነው?
5. በቤታችኹ ካሉት አሮጌ የእንጨት ዕቃዎች አንዱን ተመልከቱና ፀሐይ፥ ውሃ ወይም ነቀዝ ያደረሰበትን ጕዳት ጻፉ።