ለሦስት ቀን የብስክሌት ጉዞ እንዴት እንዘጋጅ?



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በእረፍት ጊዜ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ በብስክሌት ለመጓዝ የምታስቡ ጥቂት አይደላችሁም። እኛም ባለፈው ዓመት ስምንት ሆነን ወጥተን ሰባት ሆነን ደርሰናል። አንዱ ወንድማችን ጉልበቱን ታሞ ከባቱ በመኪና ተመለሰ። ሕመሙ የጀመረው በሁለተኛው ቀን ጠዋት ነበር፤ የነገረን ግን ማታ ነው። ለምን እንደደበቀ ስንጠይቀው «ሸክም እንዳልሆንባችሁ ብዬ» አለን። ይህን ትምህርት ያዘጋጀነው በዚህ መልስ ምክንያት ነው።

1. መንገዱን ማወቅ

ነባሩ መንገድ በቢሾፍቱ፣ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ አልፎ ሐዋሳ ይደርሳል። ርዝመቱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኛ የከፈልነው እንዲህ ነበር፦ ከአዲስ አበባ ሞጆ 70፣ ከሞጆ ባቱ 90፣ ከባቱ ሐዋሳ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ።

የመጀመሪያው ቀን አታላይ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ተነስተን 1,800 ሜትር ገደማ ወዳለችው ሞጆ ስለምንወርድ ጉልበት የተትረፈረፈን ይመስለናል። በዚያ ቀን የሮጠ ሰው ዋጋውን የሚከፍለው በሦስተኛው ቀን ነው። ሦስተኛው ቀን ከሁሉም ይረዝማል፤ ላንጋኖን ካለፍን በኋላም ወደ አርሲ ነጌሌ ዳገት አለው።

2. የስምንት ሳምንት ልምምድ

በሳምንት ሦስት ቀን በቂ ነው፤ ሁለቱ አንድ አንድ ሰዓት፣ ሦስተኛው ረጅም ጉዞ። ረጅሙ ጉዞ በየሳምንቱ እንዲህ ያድጋል፦

1ኛ ሳምንት 30 ኪሎ ሜትር
2ኛ ሳምንት 40
3ኛ ሳምንት 50
4ኛ ሳምንት 30 (ሰውነት የሚያርፍበት)
5ኛ ሳምንት 60
6ኛ ሳምንት ቅዳሜ 60፣ እሑድ 40
7ኛ ሳምንት ቅዳሜ 80፣ እሑድ 60
8ኛ ሳምንት አጫጭርና ቀላል ብቻ

የእኛ ስህተት ቅዳሜና እሑድን አለማያያዛችን ነበር። አንድ ቀን 80 ኪሎ ሜትር መንዳት አንድ ነገር ነው፤ በደከመ እግር በማግሥቱ እንደገና መነሳት ሌላ ነው። በፈተና ምክንያት አንድ ሳምንት ካለፋችሁ፣ ያለፈውን በሚቀጥለው ላይ ደርባችሁ አትክፈሉ። ካቆማችሁበት ቀጥሉ።

ፍጥነታችሁን በንግግር ለኩ። ጎን ለጎን ካለው ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል።

3. ጉልበትን መጠበቅ

የወንድማችን መቀመጫ ዝቅ ያለ እንደነበር ያወቅነው ከተመለስን በኋላ ነው። መቀመጫ ዝቅ ሲል ጉልበት ከመጠን በላይ ይታጠፋል፤ ፊት ለፊቱም ይታመማል። ለመለካት ተረከዛችሁን ታች ባለው ፔዳል ላይ አድርጉ፤ እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ በእግራችሁ የፊት ክፍል ስትረግጡ ጉልበታችሁ በጥቂቱ ይታጠፋል፤ ትክክለኛው ቁመት ይህ ነው።

በከባድ ማርሽ እየታገላችሁ አትንዱ። በቀላል ማርሽ በደቂቃ ከ80 እስከ 90 ዙር ማሽከርከርን ልመዱ። ረጅም ልብስ የምትለብሱ እህቶች ጫፉ ሰንሰለት ውስጥ እንዳይገባ ከቁርጭምጭሚት በላይ እሰሩት፤ ይህንንም በልምምድ ጊዜ ሞክሩት።

4. ውኃ፣ ምግብና ሶላት

ከሞጆ በኋላ ሙቀቱ ይበረታል። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት መነሳትና በቀትር ማረፍ ይሻላል። በሙቀት በሰዓት ከግማሽ ሊትር እስከ ሦስት አራተኛ ሊትር ውኃ ያስፈልጋል። ላብ ጨውም ስለሚወስድ ምግባችሁ ጨው ይኑረው። ሳይርባችሁ በየ45 ደቂቃው ጥቂት ብሉ፤ ተምር፣ ሙዝ፣ ዳቦ ወይም በሶ ይሆናል። በልምምድ ያልሞከራችሁትን ምግብ በጉዞ ላይ አትጀምሩ።

ለመንገደኛ ባለ አራት ረከዓ ሶላቶችን ማሳጠር የተፈቀደ ነው። ዙህርና ዐስርን ማጣመርን በሚመለከትና በርቀቱ ላይ መዝሀቦች ዝርዝር ልዩነት ስላላቸው፣ ከመነሳታችሁ በፊት ኡስታዛችሁን ጠይቁ። የሶላት ማረፊያዎችን ቀድማችሁ በዕቅዱ ላይ አስፍሩ፤ ለሰውነትም እረፍት ይሆናሉ።

መጠገኛ ማስቲሽ፣ ትርፍ የውስጥ ጎማና መንፊያ ያዙ። በከተሞች መካከል ጎሚስታ ላይገኝ ይችላል።

5. ሕመምን አለመደበቅ

እውነቱን እንናገር። በልምምድ ጊዜ ወደ ኋላ የሚቀሩትን እንቀልድባቸው ነበር። ቀልዱ ለእኛ ቀላል ነበር፤ ወንድማችን ግን ከእሱ የተማረው ዝም ማለትን ነው። ደግሞ በየማረፊያው «ሁላችሁም ደህና ናችሁ?» ስንል ሁሉም «አልሐምዱሊላህ» ይል ነበር። ለአላህ ምስጋና ነው፤ ስለ ጉልበት ግን ምንም አይነግረንም።

ዘንድሮ ሁለት ሕግ አውጥተናል። አንደኛ፣ ከፊት ሆኖ ፍጥነቱን የሚወስነው ቀርፋፋው ነው። ሁለተኛ፣ በየማረፊያው እያንዳንዱን በስሙ ጠርተን «የቱ ጋ ነው የሚያምህ? የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?» ብለን እንጠይቃለን። ያ ወንድማችንም በልምምዱ ላይ አብሮን ነው፤ ከፊት የሚመራውም እሱ ነው።

ለውይይት፦ በጥናት ቡድናችሁስ ሸክም እንዳይሆን ብሎ ዝም ያለ ማን አለ? ዝም ያሰኘውስ ምን ይሆን?

አላህ ጉዞውን ያግራልን።