ያልሰማነው ሹክሹክታ፦ የ«ሎስት ኢን ትራንስሌሽን» መጨረሻ እንዴት ይተርጎም?

የፍቅር ፊልም ሲያልቅ አብዛኞቻችን የምንጠይቀው ያው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ታዲያ አብረው ሆኑ ወይስ ተለያዩ?» መልሱን ሳይሰጡ የሚያልቁ ፊልሞች ግን አሉ። በሶፊያ ኮፖላ ተደርሶና ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2003 ለእይታ የበቃው፣ በ2004ም በምርጥ ወጥ ድርሰት ኦስካር ያገኘው «ሎስት ኢን ትራንስሌሽን» አንዱ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የፊልሙን መጨረሻ እንዴት ብንረዳው እንደሚሻል ለማየት እሞክራለሁ።

መጀመሪያ ታሪኩን ባጭሩ። ቦብ (ቢል መሪ) ዝናው ያለፈበት የፊልም ተዋናይ ነው። የውስኪ ማስታወቂያ ሊሠራ ቶኪዮ ገብቷል። ሻርሎት (ስካርሌት ጆሃንሰን) ፍልስፍና ተምራ የተመረቀች፣ ፎቶግራፍ አንሺ ባሏን ተከትላ የመጣች ወጣት ናት። ሁለቱም ባለትዳር፣ ሁለቱም እንቅልፍ ያጡ ናቸው። አንድ ሆቴል ውስጥ ተገናኝተው ይቀራረባሉ። የመሄጃው ቀን ሲደርስ ሆቴሉ ውስጥ ቀዝቃዛ ስንብት ይሰናበታሉ። ቦብ ወደ ኤርፖርት ሲጓዝ ግን ከሰዉ መሃል ያያታል፤ ከመኪና ወርዶ ያቅፋትና በጆሮዋ አንድ ነገር ሹክ ይላታል። እኛ አንሰማም። ይስማታል፤ ይለያያሉ።

ይህን መጨረሻ ቢያንስ በሦስት መንገድ መተርጎም ይቻላል።

1ኛ. ቀጠሮ ነው። ቦብ ተናግሮ ሲጨርስ መስማማቷን ይጠይቃታል፤ እሷም ትስማማለች። ሲለያዩም ፈገግ ይላሉ። ችግሩ ግን ፊልሙ ስለ ሌላ ጊዜ መገናኘት አንዲት ፍንጭ እንኳ አይሰጥም።

2ኛ. የተስተካከለ ስንብት ነው። ሆቴሉ ውስጥ በቅጡ ያልተባለው «ደህና ሁኚ» አሁን ተባለ። እንባዋም፣ ጉዞውን የሚቀጥለው መኪናም ይህን ይደግፋሉ። ይሄኛው ከመጀመሪያው ይጠነክራል።

3ኛ. ቃሉ ምንም ይሁን ምን ለእኛ የተባለ አይደለም። እኔ የማዘነብለው ወደዚህ ነው። ምክንያቴ ፊልሙ ውስጥ ያለ ሌላ ትዕይንት ነው። ማስታወቂያው ሲቀረጽ ጃፓናዊው ዳይሬክተር ረጅም ንግግር ያደርጋል፤ አስተርጓሚዋ ግን ለቦብ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ ትነግረዋለች። ቦብ ግራ ይገባዋል። ለተመልካቹም ሰብታይትል አልተቀመጠለትም። እዚያ ድምፁ አለ፣ መግባባቱ የለም። መጨረሻው ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ድምፁ የለም፣ መግባባቱ ግን አለ። የፊልሙ ርዕስ ጥያቄውን ካነሳ፣ ይህ ትዕይንት መልሱ ይመስለኛል።

መቼም ሰምና ወርቅ የለመደ ሰው «ወርቁ የት አለ?» ማለቱ አይቀርም። ግን ቅኔ ውስጥ ወርቁ የሚገኘው ከቃሉ ነው፤ እዚህ ቃሉ ራሱ የለም። ድምፁን በኮምፒውተር አጥርተው «ያላት ይህንን ነው» ያሉ ሰዎች አሉ፤ ያገኙት ግን እርስ በርሱ አይገጥምም። ኮፖላም ንግግሩ በኋላ ተወስኖ ሊጨመር የታሰበ እንደነበር፣ በመጨረሻ ግን ሳይጨመር እንደቀረ በቃለ ምልልስ ተናግራለች። ስለዚህ ማይክሮፎኑ የያዘውን ብናገኝ እንኳ የምናገኘው ተዋናዩ ቀረጻ ላይ ያለውን ነው እንጂ ቦብ ለሻርሎት ያለውን አይደለም።

ይህ ማለት ታዲያ ሁሉም ትርጉም እኩል ነው ማለት አይደለም። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የተሻለው ስለሚያሳዝን ሳይሆን በስክሪኑ ላይ ብዙ ማስረጃ ስላለው ነው። ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነገሩ ከፊልም ያለፈ ይመስለኛል። «ሲያንሾካሹክላት አይተናል፤ ራሷን ነቀነቀች» ብሎ መጻፍ ዘገባ ነው። «እወድሻለሁ አላት» ብሎ መጻፍ ግን ያልሰማነውን ቃል ሰው አፍ ውስጥ ማስገባት ነው። ፊልም ላይ ይህን ብናደርግ የሚጎዳ ሰው የለም፤ ዜና ላይ ግን ባለቤት ያለው ስም አለ። ያየነውን ከገመትነው መለየትን ደግሞ ማንም በማይጎዳበት ቦታ ብንለማመደው ይሻላል።