የአዲስ መንግሥት ግምጃ ቤት
ከደብረ ታቦር ታሪክ ለነጋዴ የሚሆን ትምህርት

አዲስ መንግሥት ሲቋቋም ሕዝብ አስቀድሞ የሚመለከተው ዘውዱንና ሠራዊቱን ነው። ነጋዴ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው ግምጃ ቤቱን ነው። ግምጃ ቤት በታወቀ ሥርዓት ካልሞላ፣ ያለ ሥርዓት የሚሞላው ከገበሬው ጎተራና ከነጋዴው መጋዘን ነውና። ለዚህ ነገር በአገራችን ታሪክ ውስጥ የዐፄ ቴዎድሮስ መንግሥት በደብረ ታቦር ያለፈበት ችግር ታላቅ ትምህርት ይሰጣል።

ደብረ ታቦር በጉና ተራራ አጠገብ ያለች የደጋ ከተማ ናት። የየጁው ራስ ጉግሣ ካቀኗት ወዲህ የመሳፍንቱ መቀመጫ ሆና ኖራለች። ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከላስታ የሚመጡት መንገዶች በዚያ አካባቢ ይቀራረባሉ። ይፋግ በገበያዋና በኬላዋ፣ በጣና ዳር ያለችው ቆራጣም በነጋዴዎቿ የታወቁ ነበሩ። ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ በጎጃም በኩል ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ መተማ ወይም ወደ ምጽዋ ይሄድ ነበር። ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨው ይወርድ ነበር። እንግዲህ አገሩ ሀብት የሌለው አልነበረም፤ ያልነበረው ሀብቱን ለአንድ መንግሥት በሚሆን መንገድ የሚሰበስብ ሥርዓት ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1845 ዓ.ም. ራስ ዓሊን በአይሻል ድል አድርገው፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ፣ አሳባቸው የተከፋፈለውን አገር አንድ ማድረግ ነበር። ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴውም ወደ ንግዱ እንዲመለስ አዘዙ፤ ወንበዴውንም ከመንገድ ለማጥፋት ደከሙ። የቀረጥ መቀበያ ቦታዎችንም ጥቂት ለማድረግ መነሣታቸውን በዘመኑ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ጽፎአል። ኬላ በበዛበት መንገድ ዕቃ እንደሚወደድ የማያውቅ ነጋዴ ስለሌለ፣ ይህ አሳብ በነጋዴው ዘንድ የተወደደ እንደሚሆን አያጠራጥርም። ሠራዊቱንም ከየመሳፍንቱ ጭፍራነት አውጥተው በሃምሳ አለቃ፣ በመቶ አለቃና በሺህ አለቃ ሥር ለማደራጀት፣ ደመወዝም ሊከፍሉት ጀመሩ። ነገር ግን ደመወዝ የሚከፈለው ከምን ገቢ ነው? ችግሩ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ይመነጫል።

የገቢው ምንጮችና እንቅፋቶቻቸው

1ኛ፤ የመሬት ግብር። ገባሩ የሚከፍለው በእህል፣ በማር፣ በከብትና በጉልበት ነበር። ከዚህም የሚበዛው በጉልት ለመኳንንቱና ለአብያተ ክርስቲያናቱ የተሰጠ ስለሆነ ወደ ንጉሡ አይደርስም ነበር። የደረሰውም ቢሆን በአህያና በበቅሎ ተጭኖ ሩቅ መሄድ የማይችል እህል ነው፤ መንገዱ ሲረዝም የሚጫነውን ያህል አጓጓዦቹና ከብቶቻቸው ይበሉታል። ስለዚህ እህሉ ወደ ሠራዊቱ መምጣት ሲያቅተው፣ ሠራዊቱ ወደ እህሉ ይሄድ ነበር። ወታደር በገበሬ ቤት የሚመራበት ምክንያት የንጉሥ ጭካኔ ብቻ ሳይሆን የመጓጓዣና የገንዘብ እጦት ጭምር ነው።

2ኛ፤ ቀረጥ። ለአዲስ መንግሥት ከሁሉ የሚቀለው ገቢ በባሕር በር ላይ የሚሰበሰብ ቀረጥ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። ነጻነቱን ባወጀ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምክር ቤቱ በሕዝቡ ላይ ግብር የመጣል ሥልጣን ስላልነበረው ክፍላተ አገሩን እየለመነ ይኖር ነበር። በ1789 እ.ኤ.አ. በአዲሱ ሕገ መንግሥት ሲሠራ ግን አስቀድሞ ካወጣቸው ሕጎች አንዱ በወደቦች የሚከፈለው ቀረጥ ሆነ፤ የገንዘብ ሹሙ አሌክሳንደር ሃሚልተንም በዚህ ገቢ ተማምኖ የአገሩን ዕዳ አደላደለ። ለዐፄ ቴዎድሮስ ግን ይህ በር ዝግ ነበር። ምጽዋ በመጀመሪያ በቱርክ፣ በኋላም በግብፅ እጅ ነበረችና፣ በባሕር የሚወጣውና የሚገባው ዕቃ ቀረጥ ለባዕድ ይከፈል ነበር።

3ኛ፤ ገንዘብ። በገበያ የሚሠራበት ብር 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የኦስትሪያው ማርትሬዛ ነበር። ንጉሡ ሊያሠሩትም ሊቈጣጠሩትም አይችሉም ነበር፤ የሚገኘው ነጋዴ ዕቃ ሸጦ ሲያስገባው ብቻ ነው። ለጥቃቅን ግብይት የሚያገለግለው አሞሌም ከአፋር የጨው ሜዳ እየራቀ ሲሄድ ይወደዳል፤ ሲሰበርና ዝናብ ሲመታው ዋጋው ይጐድላል። በእንዲህ ያለ ገንዘብ የአገር ገቢና ወጪ አስቀድሞ መገመት እጅግ ይከብዳል።

ውጤቱ ምን ሆነ?

ንጉሠ ነገሥቱ ችግሩን ያላወቁ አልነበሩም። በ1852 ዓ.ም. ገደማ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን የሚበቃ መሬት ተትቶ፣ የቀረው ግብር ለሚከፍል ገበሬ እንዲሆን አዘዙ። ስሌቱ ለግምጃ ቤቱ የሚጠቅም ነበር፤ ዳሩ ግን ካህናቱን አስቀየመ፤ ሕዝቡም የሚሰማው ካህናቱን ነበር። ከአቡነ ሰላማ ጋር የነበረው ጠብ እየከረረ ሄዶ፣ ጳጳሱ በመቅደላ ታስረው በዚያው በ1860 ዓ.ም. ዐረፉ። ክፍላተ አገሩ አንድ በአንድ ሲሸፍቱ ግብር የሚከፍለው አገር ጠበበ፤ የሠራዊቱ ቀለብ ግን አልጠበበም። በመጨረሻ ሸክሙ ሁሉ በበጌምድር ላይ ወደቀ።

በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን ሠራተኞች ከአገሬው ሰዎች ጋር መድፍ ያፈሱ ነበር። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ወደ 70 ኩንታል ይመዝን ነበር። ይህ ሥራ የዕውቀት ፍላጎታቸውን የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ መድፍ ግብር አይሰበስብም፤ ወታደርንም አይቀልብም። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘረፈች፤ የበጌምድርም ገበሬ ተመዘበረ። ዘሩን የተበላ ገበሬ በሚመጣው ክረምት የሚዘራው የለውም፤ ያልዘራም ግብር አይከፍልም። መንገዱ የፈራበት ነጋዴም ጭነቱን ይዞ ይቀራል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፋቸውን እያስጐተቱ ወደ መቅደላ ሄዱ፤ ሚያዝያ 6 ቀንም በዚያ ሞቱ። ከእንግሊዝ ጦር አስቀድሞ መንግሥታቸውን ያደከመው የገቢ መድረቅ ነበር ማለት ይቻላል።

በኋላ የመጡት ያደረጉት

ዐፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ አሥራት ደንግገው፣ የወታደሩ ቀለብ በታወቀ መጠን እንዲሰበሰብ አደረጉ። በስማቸው 1887 ዓ.ም. የሚል ብር አስቀረጹ፤ በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ሥራ ጀመረ፤ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ በጅሮንድ ሙሉጌታ ለገንዘብ፣ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ለንግድና ለውጭ ጉዳይ ተሰየሙ። ከነጻነት በኋላም በ1934 ዓ.ም. የአገር ገዥዎች በደመወዝ የሚሠሩ ሹማምንት እንዲሆኑ፣ ግብሩም ለገንዘብ ሚኒስቴር እንዲገባ ታወጀ፤ በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጣ። ዐፄ ቴዎድሮስ የተመኙት በደመወዝ የሚኖር ሠራዊት ሊጸና የቻለው እነዚህ ነገሮች ከተደላደሉ በኋላ ነው።

ሆኖም ሕግ ማውጣት ብቻ አይበቃም። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ሥራ ገቢ ላይ ግብር ሲጣል የጎጃም ገበሬ ዐመፀ። ግብር ከፋዩ የሚጠየቀውን መጠን ካላወቀና ገማቹን ካላመነ፣ በወረቀት የተጻፈው ግብር እንደ ምዝበራ ይቈጠርበታል።

ከዚህ ሁሉ ነጋዴው የሚያገኘው ትምህርት ይህ ነው። የታወቀ ግብር የንግድ ወጪ ነውና በዋጋ ውስጥ ሊታሰብ ይችላል፤ ያልታወቀ መዋጮና በየኬላው የሚጠየቅ ክፍያ ግን ሊታሰብ አይችልም። ስለዚህ መዝገቡን በሚገባ የሚይዝ፣ ለከፈለው ሁሉ ደረሰኝ የሚጠይቅ፣ የግብሩንም መጠን አስቀድሞ አውቆ ስለ አግባብነቱ በማኅበሩ በኩል የሚናገር ነጋዴ ራሱን ብቻ አይጠቅምም። ዛሬ ከወረታ በደብረ ታቦር አድርጎ እስከ ወልድያ በሚዘልቀው መንገድ እህልና ሸቀጥ የሚያመላልስ ነጋዴ፣ አንድ ጊዜ ከፍሎ በሰላም ቢያልፍ ለግምጃ ቤቱም ለገበያውም ይበጃል።