መርከቧ ለምን መጣች? የፋኒንግ ደሴት የገበያ ትምህርት

ፋኒንግ፣ በነዋሪዎቿ አጠራር ታቡአኤራን፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ የኪሪባቲ ሪፐብሊክ አካል የሆነች ደሴት ናት። ከሃዋይ ዋና ከተማ ከሆኖሉሉ በስተደቡብ 1,900 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ስፋቷ 34 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ሕዝቧም 2,000 አካባቢ ነው። ኑሮው ዓሣና ኮኮናት፣ ለገበያ የሚወጣው ሸቀጥም በዋናነት ኮፕራ፣ ማለትም ዘይት የሚጨመቅበት የደረቀ የኮኮናት ሥጋ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2001 መጨረሻ ጀምሮ ወደዚህች ደሴት "ኖርዌጂያን ስታር" የተባለች የሽርሽር መርከብ ከሆኖሉሉ በየሳምንቱ መምጣት ጀመረች። የምትይዘው ከ2,000 በላይ መንገደኛ ነው። መርከቧ ሞልታ በመጣች ቀን በደሴቲቱ ያለው ሰው በአንድ ጊዜ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ማንኛውም ነጋዴ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አለ። ጉዞው በጠቅላላው ሰባት ቀን ነው፤ ወደ ፋኒንግ ደርሶ ለመመለስ ብቻ ግማሽ ያህሉ በባሕር ላይ ያልቃል። ሃዋይን ለማየት የከፈለ ቱሪስት፣ ሃዋይ ራሷ በባሕር ዳርቻ ሞልታ ሳለ፣ ይህን ሁሉ መንገድ ሌላ አሸዋ ለማየት ለምን ይወሰዳል?

መልሱ ያለው በዋሽንግተን፣ እ.ኤ.አ. በ1886 በወጣ ሕግ ውስጥ ነው። በሕጉ መሠረት የውጭ ባንዲራ የምታውለበልብ መርከብ በአሜሪካ ወደቦች መካከል ብቻ መንገደኛ ማመላለስ አትችልም። በእነዚህ ወደቦች መካከል ብቻ መንገደኛ ለማመላለስ ደግሞ መርከቧ በአሜሪካ የተሠራችና በአብዛኛው በአሜሪካውያን የምትንቀሳቀስ መሆን ስላለባት ወጪው የሚቀመስ አይደለም። ስለሆነም ኩባንያዎቹ መርከቦቻቸውን በባሃማስ፣ በፓናማና በመሳሰሉት አገሮች ያስመዘግባሉ። እንዲህ ያለች መርከብ ከሆኖሉሉ ተነስታ የሃዋይን ደሴቶች ለማስጎብኘት ከፈለገች በመሀል አንድ የውጭ ወደብ መንካት አለባት። ከካሊፎርኒያ ወደ ሃዋይ ደርሰው የሚመለሱ መርከቦች በሜክሲኮ ኤንሴናዳ ጎራ የሚሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ከሆኖሉሉ ለሚነሱት ደግሞ ከሚቀርቧቸው ጥቂት የውጭ ምድሮች አንዷ ፋኒንግ ሆነች። (ቅርብ ይባል እንጂ ኪሪባቲ እ.ኤ.አ. በ1995 የቀን መለያ መስመሩን ወደ ምሥራቅ ስለገፋችው፣ ሃዋይ ቅዳሜ ሲሆን ፋኒንግ እሑድ ነው፤ ሰዓቱ ግን አንድ ነው።)

የምጣኔ ሀብት ትምህርት ይህን ከሌላ ፍላጎት የሚመነጭ ፍላጎት ይለዋል። ሲሚንቶ የሚፈለገው ለራሱ ሳይሆን ቤት ስለሚፈለግ ነው፤ የቤት ሥራ ሲቆም ሲሚንቶ ጥራቱ ምንም ቢሆን መጋዘን ውስጥ ይቀመጣል። ፋኒንግም የሸጠችው ዋና ሸቀጥ የውጭ አገር መሆኗን ነበር።

የገቢው ነገርም በጥንቃቄ መታየት አለበት። ለስሌት ያህል 2,000 መንገደኞች እያንዳንዳቸው በደሴቲቱ 10 ዶላር ቢያወጡ 20,000 ዶላር ይሆናል። ለ2,000 ነዋሪ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን ከየ10 ዶላሩ 6ቱ ከውጭ ለገባ ሸቀጥ የሚከፈል ከሆነ በደሴቲቱ የሚቀረው 8,000 ብቻ ነው። ከዛጎልና ከቅጠል በእጁ ሠርቶ የሚሸጥ ሰው ብዙ ይቀርለታል፤ ከውጭ የመጣ ቢራ የሚቸረችር ግን ትርፉ ትንሽ ነው።

ገበያው የፈረሰው ግን በደሴቲቱ ጥፋት አልነበረም። በሃዋይ በአሜሪካ ባንዲራ ይሠራ የነበረው አሜሪካን ክላሲክ ቮዬጅስ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሰረ። ኖርዌጂያን ኩባንያ ጅምሩን መርከብ ገዝቶ በጀርመን አስጨረሰ፤ የአሜሪካ ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2003 በልዩ ሁኔታ የአሜሪካን ባንዲራ እንዲይዝ ፈቀደለት። "ፕራይድ ኦቭ አሜሪካ" እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ ስትጀምር የውጭ ወደብ መርገጥ አላስፈለጋትም። በ"ስታር" ቦታ ፋኒንግን ትጎበኝ የነበረችው "ኖርዌጂያን ዊንድ" እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ እስያ ሄደች። አሸዋው፣ ፀሐዩና የሕዝቡ መስተንግዶ እንደነበሩ ናቸው፤ መደበኛው ገዢ ግን የለም።

በሌሎች ወደቦችም ሚዛኑ ወደ መርከቡ ያጋደለ ነው። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ በእያንዳንዱ የመርከብ መንገደኛ ላይ 42 ዶላር ለማስከፈል ወስና ነበር። ኩባንያዎቹ መንገዳቸውን ሊቀይሩ እንደሚችሉ ካስጠነቀቁና ድርድር ከተደረገ በኋላ ክፍያው እ.ኤ.አ. በ2025 አጋማሽ በ5 ዶላር ጀመረ፤ ቀስ በቀስ እንዲያድግም ተስማሙ። ሜክሲኮን የሚያህል አገር እንዲህ ከሆነ የ2,000 ሰው ደሴት ምን ዓይነት ዋጋ ልትጠራ ትችላለች? ከዚህም አልፎ ኩባንያዎቹ አሸዋውን ራሳቸው ይዘዋል። ኖርዌጂያን እ.ኤ.አ. በ1977 በባሃማስ የራሱን ደሴት ያዘ፤ ሮያል ካሪቢያን ደግሞ እዚያው ኮኮኬይ በተባለች ደሴቱ ላይ 250 ሚሊዮን ዶላር አፍስሶ እ.ኤ.አ. በ2019 አዲስ መዝናኛ ከፍቷል።

የሚገርመው፣ ይህችው ኪሪባቲ በሌላ ገበያ ዋጋ ማስከበር ችላለች። በውኃዋ ቱና የሚያጠምዱት በአብዛኛው የውጭ መርከቦች ናቸው። ቱና ከአገር አገር የሚዞር ዓሣ ስለሆነ አንድ አገር ብቻውን ዋጋ ቢጨምር አጥማጁ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ኪሪባቲን ጨምሮ ስምንት የፓስፊክ አገሮች የናኡሩ ስምምነት በሚባለው ማኅበራቸው አንድ ላይ ቆመው የማጥመጃውን ጊዜ በቀን እየቆጠሩ መሸጥ ጀመሩ። የአንድ መርከብ የአንድ ቀን ዝቅተኛ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2012 5,000 ዶላር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 8,000 ደረሰ። አጥማጁ የሚሄድበት ሌላ ርካሽ ጎረቤት ስላጣ ከፈለ። የሽርሽር መርከብ ግን ፀሐይና አሸዋን ከብዙ ውቅያኖሶች ሊመርጥ ይችላል፤ የሐሩር ወደቦች ሁሉ ማኅበር ይቋቋም ቢባል እንኳ አንዱ ዋጋ ሰብሮ መውጣቱ አይቀርም።

ፋኒንግ በአንድ ነገር እድለኛ ናት። መርከቦቹ የሚቆሙት ከውጭ መልሕቅ ጥለው፣ መንገደኛውን በትንንሽ ጀልባዎች እያመላለሱ ስለነበር፣ ለእነርሱ ተብሎ ትልቅ ወደብ በብድር አልተሠራም። መርከቧ ስትሄድ የሚከፈል ዕዳ አልቀረም። ዛሬም አልፎ አልፎ ከአሜሪካ የሚነሳ መርከብ ጎራ ይላል። ኮፕራውን ግን መንግሥት ራሱ በድጎማ ይገዛል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የኪሎውን ዋጋ በእጥፍ አሳድጎ 2 የአውስትራሊያ ዶላር አድርሶታል።