ካርዱን ከጀርባው መጀመር

የስፖርተኛ ካርድ ለመሥራት ፎቶሾፕን ወይም በነፃ የሚገኘውን ጊምፕን የከፈተ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚደክመው ለፊቱ ነው፤ ለፎቶው፣ ለክፈፉ፣ ለሚያብረቀርቀው ጽሑፍ። እኔ ግን ሥራው ከጀርባው ይጀመር እላለሁ። ፎቶው የሚያሳየው መልክን ነው። ባለመልኩ ማን እንደሆነ፣ መቼና የት ምን እንደሠራ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለማያውቀው ሰው የሚነግረው የጀርባው ጽሑፍ ነው፤ እሱ ከሌለ የቀረው ባለቀለም ወረቀት ብቻ ነው።

የአሜሪካው ቶፕስ ኩባንያ በ1952 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቤዝቦል ካርድ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ከነዳፊዎቹ አንዱ የሆነው ሳይ በርገር በጀርባው የተጫዋቹ አጭር ታሪክ፣ ያለፈው ዓመት ውጤትና እስከዚያ ድረስ ያስመዘገበው ሁሉ እንዲሰፍር አደረገ። ሳይሸጥ የቀረው ክምችት በኋላ ባሕር ውስጥ ተጣለ፤ ከተረፉት አንዱ፣ የሚኪ ማንትል ካርድ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. 12.6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ያን ያህል ያስወደደው ብርቅነቱና ሳይጎዳ መቆየቱ ነው እንጂ ጽሑፉ አይደለም የሚል ቢኖር ልክ ነው። ዋጋው ግን የጨረታ ጉዳይ ነው። ካርዱን ልጆች ተጫዋቾችን የሚያጠኑበት መዝገብ ያደረገው ያ ጀርባ ነው፤ እኛም ልንወስደው የሚገባን ይህንኑ ነው።

በግምጃ ቤት፣ በአንከሻ ጓጉሳም ሆነ በመላው አዊ፣ ካርድ ከማንም በፊት የሚገባው ፈረሰኛው ነው። ፈረስ በዓድዋ የነበረውን ውለታ የሚዘክረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ ነው፤ በዓሉም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ይከበራል። በዕለቱ የሚነሡት ፎቶዎች ከስልክ ወደ ስልክ ሲሻገሩ የፈረሰኛው ስም አብሯቸው አይሻገርም። ስለዚህ ጀርባው ላይ የፈረሰኛው ስም እስከ አያቱ፣ ቀበሌው፣ ማኅበሩን የተቀላቀለበት ዓመት ይጻፍ። ፈረሱም አይረሳ፤ ዳማ ይሁን ጉራች ወይም አምባላይ፣ ስሙ ማን እንደሆነ፣ ማን እንደገራው። ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ባልቻን አባ ነፍሶ ብሎ በፈረሱ ስም በሚጠራ አገር፣ ፈረሱ ያልተጠቀሰበት የፈረሰኛ ካርድ ጎደሎ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚፈልገው ዓመተ ምሕረቱ ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ያሸነፈው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የዓመቱ የመጨረሻ ቀን። የቶኪዮው ድል በ1964 እ.ኤ.አ. ሲሆን በእኛ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ልዩነቱ በመጀመሪያው ስምንት፣ በሁለተኛው ሰባት ዓመት ነው። ሁልጊዜ ሰባት እየቀነሰ የሚሠራ ሰው የሮሙን ድል ወደ 1953 ይወስደዋል። ለታዳጊ ተጫዋች ደግሞ እንዲህ ያለው ስሕተት በልደት ቀኑ ላይ ሲፈጠር ዕድሜውን ያዛባበታል። ቀንና ወር ሳይጎድል፣ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ተገልጾ ይጻፍ።

ጽሑፉ ከተጠናቀቀ በኋላ የንድፉ ሥራ ቀላል ነው። የተለመደው የካርድ መጠን 63.5 በ88.9 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ300 ዲፒአይ 750 በ1050 ፒክስል ይሆናል። ቀለሙ ከጠርዙ ወጣ ብሎ እንዲቆረጥ በየጎኑ ትርፍ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ተሰጥቶ ሦስት ካርድ ጎን ለጎን ሲደረደር 208.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ የኤፎር ወረቀት ስፋት 210 ስለሆነና ብዙ ማተሚያ እስከ ጠርዝ ስለማያትም ዳር ዳሩ ይቀራል። ትርፉ 1.5 ቢሆን ሦስት በሦስት የሚደረደሩት ዘጠኙም ካርዶች ከበቂ ኅዳግ ጋር ይገባሉ። ጀርባው ሲታተም የግራውና የቀኙ ረድፍ ቦታ መለዋወጥ አለባቸው፤ ያለዚያ የአንዱ ታሪክ በሌላው ፎቶ ጀርባ ይወድቃል። ፊደሉም የዩኒኮድ ይሁን፤ በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፈ አማርኛ ፎንቱ በሌለበት የማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ወደ ላቲን ፊደላትና ምልክቶች ይለወጣል። ፋይሉን በፒዲኤፍ መስጠት ከዚህ ጣጣ ያድናል።

እዚህ አገር ካርድ የሚሰበስብ የለም፣ ቴሌግራም ይበቃል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ገበያው አለመኖሩን እቀበላለሁ፤ ካርዱን ለመሸጥ ለሚያስብም ይህን ጽሑፍ አላዘጋጀሁትም። ቴሌግራም ግን እንደ ፎቶ የተላከለትን ምስል ይጨምቀዋል፤ ለኅትመት የሚሆነው እንደ ፋይል የተላከው ነው። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፤ በ300 ግራም ወረቀት የታተመ ካርድ ግን አልበም ውስጥ ገብቶ ለልጅ ልጅ ይቆያል። በካርዱ ላይ የሚወጣው ሰው ራሱ ፎቶውን ሊፈቅድ፣ ለታዳጊም ወላጅ ሊስማማ ይገባል፤ የክለብ ዓርማም ያለ ክለቡ ፈቃድ አይገባም። የቀለም ኅትመቱ ከመታዘዙ በፊት ጀርባው ብቻ በተራ ወረቀት በጥቁር ቀለም ይታተምና ለባለቤቱ ይሰጥ፤ ማንበብ የማይችል ከሆነም ይነበብለት። የአያቱን ስም ወይም የፈረሱን ቀለም የሚያርመው እሱ ነው።