ከሳጥን ውጭ የተጣለ እንቁላል የሚቀነሰው ከትርፍ ላይ ነው

እንቁላል ጣይ ዶሮዎችን በግቢ እየለቀቀ ለማርባት የሚነሳ ባለሀብት አስቀድሞ የሚያሰላው የቄብ ዋጋን፣ የመኖ ወጪንና የገበያውን ሁኔታ ነው። እንቁላሉ የት እንደሚጣል ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሒሳቡ አይገባም። ኪሳራውም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ለምሳሌ 100 ዶሮዎች በቀን 80 እንቁላል ይጥላሉ እንበል። የመኖ፣ የሠራተኛና የሌላው ወጪ የ64 እንቁላል ሽያጭ ቢወስድ፣ ለባለቤቱ የሚተርፈው የ16 እንቁላል ዋጋ ነው። ከ80ዎቹ 10ሩ ቁጥቋጦ ሥር ቢቀሩ ወይም ተረግጠው ቢሰበሩ ሽያጩ የሚቀንሰው በ12.5 በመቶ ብቻ ነው፤ ትርፉ ግን በ62.5 በመቶ ያሽቆለቁላል። እንቁላሉ ተገኘም አልተገኘ ዶሮዋ መኖዋን በልታለችና።

መፍትሔው ከመጀመሪያው እንቁላል በፊት ይጀምራል። ቄቦች ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 20 ሳምንት ሲሆናቸው መጣል ስለሚጀምሩ፣ የመጣያው ሳጥን በ16ኛው ሳምንት ገደማ ተዘጋጅቶ ሊለምዱት ይገባል። ለ5 ዶሮ አንድ ሳጥን ሲታሰብ ለ100 ዶሮ 20 ያስፈልጋል። የእያንዳንዱ ወርድና ጥልቀት 30 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ይበቃል። ዶሮ ለመጣል የምትሻው ጨለም ያለ፣ ጭር ያለና ለስላሳ ቦታ ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ደረቅ ጭድ ተጎዝጉዞለት ከበርና ከመተላለፊያ ራቅ ብሎ መቀመጥ አለበት።

ዶሮ እንቁላል ካየችበት ቦታ መጣል ትወዳለች። በመሆኑም ከእንጨት የተሠራ የእንቁላል አምሳያ በሳጥኑ ውስጥ ማስቀመጥ ቄቦቹን ያስተምራል። በአንጻሩ በቤቱ ጥግ የተረሳ አንድ እንቁላል ሌሎቹንም ወደዚያው ስለሚስብ፣ እንቁላሉን በቀን ሦስት አራት ጊዜ መልቀምና ጨለማ ማዕዘኖችን መድፈን ያስፈልጋል። ቆጡም ከሳጥኑ ከፍ ማለት ይኖርበታል፤ ያለዚያ ሳጥኑ ማደሪያ ይሆንና በኩስ ይሞላል።

ቁልፉ ነገር የመልቀቂያው ሰዓት ነው። አብዛኛው እንቁላል የሚጣለው ከንጋት እስከ ቀትር ባለው ጊዜ በመሆኑ፣ ዶሮዎቹ መኖና ውሃ ቀርቦላቸው እስከ ረፋዱ 4 ወይም 5 ሰዓት ከቤት ባይወጡ ይመረጣል። ውጭ መጣል የለመዱት ደግሞ ለአንድ ሳምንት ያህል ሙሉ ቀን ቤት ውስጥ ቢቆዩ ብዙዎቹ ይመለሳሉ። በዚሁ ጊዜ በግቢው የሠሩት ድብቅ ጎጆ መፍረስ አለበት።

ጉዳዩ ከገበያው ጋርም የተያያዘ ነው። በጾም ወራት፣ በተለይም 55 ቀን በሚቆየው ዐቢይ ጾም፣ የእንቁላል ፈላጊ ይቀንሳል። ያን ጊዜ ገዢ እስኪገኝ መቆየት የሚችለው ንጹሕ እንቁላል ነው። በኩስ የተለወሰውን አጥቦ ማቆየት አያዋጣም፤ እጥበቱ የቅርፊቱን ተፈጥሯዊ ሽፋን ስለሚያነሳ ተሕዋስያን በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ በኩል ይገባሉ።

አርቢው ከሳጥን የተገኘውንና ከውጭ የተለቀመውን በየቀኑ ለይቶ ቢመዘግብ የሚያጣው ገንዘብ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። የውጩ ቁጥር ሳይቀንስ ተጨማሪ ቄብ መግዛት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ይሆናል።