የፖሊስታይሪን እንክብል መጠን በምን ይወሰናል?

ወተት በቅል ሲናጥ የተበተኑት ጥቃቅን የስብ ጠብታዎች እየተጋጩ ይዋሐዱና ቅቤ ይወጣል። ዘይትና ውሃ በብርጭቆ ሲበጠበጡ ግን ዘይቱ ወደ ትናንሽ ጠብታዎች ይበታተናል። እንግዲህ መበጥበጥ ይሰብራልም፣ ያዋሕዳልም ማለት ነው። ይህ ጥንድ ባሕርይ በፖሊስታይሪን ምርት ውስጥ እንዴት እንደሚገራ ቀጥለን እንመለከታለን።

ስታይሪን በውሃ ውስጥ እጅግ በጥቂቱ ብቻ የሚሟሟ ፈሳሽ ነው። ሰስፔንሽን ፖሊመራይዜሽን በተባለው ዘዴ፣ ስታይሪኑ እንደ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ካለ አስጀማሪ ጋር ተቀላቅሎ በውሃ ውስጥ ይበተንና ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ሙቀት እየተበጠበጠ ይቆያል። እያንዳንዱ ጠብታ በመጨረሻ ጠጣር እንክብል ይሆናል። ስለዚህ የእንክብሉን መጠን በአመዛኙ የሚወስነው የጠብታው መጠን ነው።

ጠብታውን የሚሰብረው የውሃው ነውጠኛ ፍሰት ሲሆን፣ አንድ አድርጎ የሚይዘው ደግሞ የገጽ ውጥረት ነው። ሩሲያዊው ኮልሞጎሮቭ እ.ኤ.አ. በ1949፣ ኔዘርላንዳዊው ሂንዝ በ1955 ካቀረቡት ትንታኔ እንደምንረዳው፣ ሳይሰበር የሚቆየው ትልቁ ጠብታ ዲያሜትር ከበጥባጩ ፍጥነት 1.2 ርቢ ጋር የተገላቢጦሽ ዝምድና አለው። ፍጥነቱን እጥፍ ብናደርግ ዲያሜትሩ ወደ 44 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ቅርጹን ሳንለውጥ ዕቃውን ከነበጥባጩ በየአቅጣጫው 10 ጊዜ ብናሳድግ ደግሞ፣ ያንኑ የጠብታ መጠን ለማግኘት ፍጥነቱን ለ4.6 ገደማ ማካፈል ይኖርብናል። የቤተ ሙከራው ፍጥነት እንዳለ ለፋብሪካ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ሆኖም ጠብታውን መስበር ብቻውን አይበቃም። ስታይሪኑ በከፊል ወደ ፖሊመር ሲለወጥ ጠብታው እንደ ማር ወፍሮ ይጣበቃል። በዚህ ጊዜ የተጋጩ ጠብታዎች ይያያዛሉ፤ ተመልሶ እንዳይሰበሩ ግን እጅግ ወፍረዋል። ፍጥነቱን ከልክ በላይ ብንጨምርም ግጭቱን እናበዛዋለን። ስለዚህ አረጋጊ ያስፈልጋል። ፖሊቫይናይል አልኮል በጠብታው ገጽ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ የገጽ ውጥረቱንም ይቀንሳል። ትራይካልሲየም ፎስፌት በበኩሉ በደቃቅ ጠጣር ቅንጣቶቹ ጠብታውን እንደ ጋሻ ይከልላል። በቅሉ ውስጥ የስቡ ሽፋን ሲቀደድ ቅቤ እንደሚወጣ ሁሉ፣ እዚህም ሽፋኑ ከሳሳ ጠብታዎቹ ይጓጉላሉ።

በዚህ የመጣበቅ ወቅት በጥባጩ ቢቆም ጉዳቱ ከምርት ብክነት ያልፋል። አንድ ሞል ስታይሪን ወደ ፖሊመር ሲለወጥ 70 ኪሎ ጁል ገደማ ሙቀት ይለቃል። ይህ ሙቀት በተጓጎለው ክምር ውስጥ መውጫ ካጣ ሂደቱ ከቁጥጥር ውጪ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የምንማረው፣ የእንክብሉ መጠን የሚወሰነው ገና በጠዋቱ፣ ጠብታው ፈሳሽ ሳለ መሆኑን ነው። የመጣበቁ ወቅት ካለፈ በኋላ የበጥባጩን ፍጥነት መለዋወጥ የጠነከረውን እንክብል አያሳንሰውም፣ አያተልቀውምም።